ፓልምስ የከረሙት ኮራሎች

ለገሠ አድማሱን ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የማያውቀው ሐበሻ አልነበረም። ፊት ለፊት «ዶክተር» ይሉታል፣ ዞር ሲል «ዶክተር ድንጋይ»። ሁለቱም ስም ልክ አልነበረም፤ ዶክተርነቱን ገና አላገኘም፣ የሚያጠናውም ድንጋይ አይደለም። የሚያጠናው ኮራል ነው። ኮራል ደግሞ ድንጋይ የሚመስል ቤት ሠርቶ ተጠጋግቶ የሚኖር፣ አፍና ሆድ ያለው፣ ሲመሽ ክር የሚያካክሉ እጆቹን ዘርግቶ የሚበላውን የሚያጠምድ የባሕር እንስሳ ነው። ይህን ለሰው ማስረዳት ግን የዋዛ አልነበረም። የታክሲ ሾፌሩ ወንድይፍራው አንድ ቀን ምሳ ላይ በትዕግሥት ሲያዳምጠው ቆየና፣ «ሶ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ድንጋይ ምሳውን ሲበላ እያየህ ነው የምትውለው?» አለው። ምግብ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ስሙም ከዚያች ቀን ጀምሮ ጸና።

ለገሠ የጉለሌ ልጅ ነው። ባሕር ቀርቶ ደኅና ሐይቅ ሳያይ ነው ዩኒቨርስቲ የገባው። ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ለትምህርት ምጽዋ የወረደ ዕለት መምህሩ የመጥለቂያ መነጽር አጥልቀውለት ፊቱን ውኃ ውስጥ እንዲነክር አዘዙት። ነከረ። ቀና ሲል የመጀመሪያ ቃሉ «እዚህ ታች ከተማ አለ!» የሚል ነበር ይባላል፤ ይባላል ያልኩት ከራሱ ከለገሠ በቀር ምስክር ስለሌለው ነው። ብቻ ከዚያን ቀን ወዲያ ልቡ እዚያው ውኃ ውስጥ ቀረ። እዚያ ታች የሚሸሸገው፣ የሚያደባው፣ ከጎረቤቱ ጋር የሚጣላው ዓሣና ሸርጣን ሁሉ የሚኖረው ኮራሎች በሠሩት ቤት ነው። ኮራሉ ከሞተ ከተማው ይፈርሳል፣ ነዋሪውም ይበተናል።

አሜሪካ የመጣው በመንግሥት ስኮላርሺፕ ነበር። የላከው መንግሥት ሲወድቅ ስኮላርሺፑም አብሮ ወደቀ። ለገሠ ግን ችኮ ነው። ካልቨር ሲቲ ከአንድ የፊልም ስቱዲዮ አጠገብ የሰው መኪና ፓርክ እያደረገ፣ እየተማረ፣ እያቋረጠ፣ እንደገና እየጀመረ፣ ፀጉሩ ከግንባሩ መሸሽ ሲጀምር የዶክትሬት ተማሪ ሆነ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆች 1989 ነው፤ አገር ቤት ክረምት በሆነበት፣ ሎስ አንጀለስ ግን ጠብታ ዝናብ በማይታይበት ወቅት። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት በየባሕሩ ኮራሎች በድንገት እየነጡ ተመራማሪውን ሁሉ አስጨንቀው ነበር። ኮራል ገላው ውስጥ አልጌ የሚባሉ ደቃቅ ዕፀዋትን ያኖራል። እነሱ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራሉ፣ የቤት ኪራያቸውን በምግብ ይከፍላሉ ማለት ነው። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ግን አከራይና ተከራይ ይጣላሉ። አልጌዎቹ ይባረራሉ፣ ቀለሙ የእነሱ ነበርና ኮራሉ አመድ መስሎ ይነጣል፣ ጓዳውም ባዶ ይሆናል። የለገሠ ጥያቄ ይህ ነበር፦ የነጣ ኮራል ከውጭ ምንም ሳይመገብ ምን ያህል ይቆያል?

ለዚህም በሁለት የመስተዋት ገንዳዎች የነጡ ኮራሎችን ለይቶ አኖረ። አንደኛውን በየቀኑ ይመግባል፣ ሁለተኛውን ምንም አያቀምስም። በመስከረም የፕሮፌሰሮች ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ቀደም ሲል ያቀረበው ሥራ ውድቅ ተደርጎበት ስለነበር ይህ የመጨረሻ ዕድሉ ነው። ካሳመናቸው ዶክትሬቱን ይጨርሳል፤ ካላሳመናቸው አመስግነው ይሸኙታል፣ እሱም ቀሪ ዘመኑን የሰው መኪና ሲያቆም ይኖራል። ይህን ፌርፋክስ ላይ የማያውቅ አልነበረም፤ ለእሱ ሻማ ያበሩም ነበሩ።

ያን ክረምት የዩኒቨርስቲው የገንዳ ክፍል ለጥገና ተዘጋ። አማካሪው ፕሮፌሰር ሃርግሮቭ፣ በዕድሜ ከለገሠ እምብዛም የማይበልጥ፣ ቁምጣ ለብሶ የሚያስተምር ሰው፣ «ቤትህ ቦታ ካለህ ውሰዳቸው» አለው። ለገሠ ቦታ አልነበረውም፤ ግን አለኝ አለ። ሁለቱ ገንዳዎች ከነመብራታቸውና ከነአየር መንፊያቸው ፓልምስ ሰፈር ወዳለችው አፓርታማው ገብተው ሳሎኑን ወረሱት። ሶፋው በረንዳ ወጣ።

በዚያች ቤት ግን ለገሠ ብቻውን አልነበረም። አክስቱ እትዬ ቦሰና ነበሩ። ከአዲስ አበባ የመጡት ሃውቶርን ወደምትኖረው ልጃቸው ወደ አዜብ ነበር። አዜብ ግን ኤርፖርት አካባቢ ሌሊት ሠርታ ቀን ስለምትተኛ፣ «ከተኛ ሰው ጋር ምን እጫወታለሁ?» ብለው ከወንደላጤው የእህታቸው ልጅ ዘንድ ገቡ። የመጡ ዕለት የምግብ ቁም ሣጥኑን ከፍተው አዩ። ያለው ቱና በቆርቆሮ፣ ባቄላ በቆርቆሮ፣ ሾርባ በቆርቆሮ ነው። ዘጉት። «አይዞህ፣ ደርሼልሃለሁ» አሉት።

ገንዳዎቹ የገቡ ማግስት ለገሠ ለሥራ ሸሚዙን እየቆለፈ አንደኛውን ገንዳ ሲመግብ ቆመው አዩት። ምግቡ በጠርሙስ ጨው ውኃ ውስጥ የሚፈለፈሉ፣ አቧራ የሚያክሉ የባሕር ትሎች ናቸው። በመድኃኒት ማንጠባጠቢያ ስቦ በየኮራሉ አፍ ላይ ጠብ ጠብ ያደርግላቸዋል።

«እነዚያስ?» አሉ ወደ ሁለተኛው እየጠቆሙ።

«እነሱ አይበሉም፣ እትዬ።»

«አፍ የላቸውም?»

«አላቸው። ሳይበሉ እንዴት እንደሚሆኑ ለማየት ነው።»

«ምን አጥፍተው?»

«ምንም አላጠፉም። ለጥናቱ ነው።»

እትዬ ቦሰና ነገሩን አገላብጠው አዩት። ምንም ሳያጠፋ፣ ምግብ እያለ፣ አፍ እያለው የማይበላ ፍጡር ምን ይባላል? «እንግዲያው ጾም ላይ ናቸው በለኛ» አሉ።

ለገሠ ሥራ ሊረፍድበት ነው። «አዎ፣ እንደሱ ይበሉት» ብሎ ሳቀና ወጣ። ሰው ሲቸኩል የሚመልሳት መልስ ብዙ ጊዜ ተመልሳ ታገኘዋለች፤ ይህቺም ሳታገኘው አልቀረችም።

ፍልሰታ ገባ። እትዬ ቦሰና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾሙ፣ ጠዋት ጠዋት ውዳሴ ማርያማቸውን ይዘው ከገንዳዎቹ አጠገብ ይቀመጡ ጀመር። ስምም አወጡላቸው፤ የማይበሉት «ጾመኞቹ»፣ የሚበሉት «ገዳፊዎቹ»። ለጾመኞቹ ያላቸው አክብሮት ልዩ ነበር። ገዳፊዎቹ ሲመገቡ ግን ፊታቸውን ያዞሩባቸዋል፤ «በፍልሰታ፣ ሕፃናት እንኳ በሚጾሙበት!» ይላሉ። ለገሠ ይህን ፌርፋክስ ወስዶ እያወራ ሰውን አሳቀበት። ይህን ያህል ሲስቅ አንድ ነገር እንኳ አልጠረጠረም፤ የተማረ ሰው ሞኝነቱ ሲመጣ በሰፊው ነው።

ጾመኞቹ እየደከሙ ሄዱ። እጃቸውን መዘርጋት ተዉ፣ ገላቸው ሳሳ። ለገሠ የሚጠብቀው ነገር ነበርና አላዘነም፤ ወይም ማዘኑን ለራሱ አልነገረም። በነሐሴ አጋማሽ ፍልሰታ ሲፈታ ቤቱ ዶሮ ዶሮ አለ። ወንድይፍራውም ታክሲውን በር ላይ አቁሞ በላ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ለገሠ ማታ ከሥራ ተመልሶ ገንዳውን ሲያይ ዓይኑን አላመነም። ጾመኞቹ እጃቸውን ዘርግተዋል።

ሳምንት አለፈ። አልሞቱም። ሌላ ሳምንት ተደገመ። እንዲያውም ከወዲህና ከወዲያ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ቀለም ብቅ አለ፤ ተከራዮቹ እየተመለሱ ነው። ለገሠ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ብቻውን ሳቀ። ምንም ሳይበላ የሚያገግም ኮራል! የትሎቹ ጠርሙስ ቶሎ ቶሎ መጉደሉን አይቶ ነበር፤ ግን ዘንድሮ የገዛው የትል እንቁላል ጥራቱ ወርዷል ብሎ የሸጠለትን ሰው አማ።

ፕሮፌሰር ሃርግሮቭ ተጠርቶ መጣ። ዓይኑን ከገንዳው ሳይነቅል እትዬ ቦሰና ያቀረቡለትን ሁሉ በላ። አንድ ነገር ደግሞ እሱ አስተዋለ። ጾመኞቹ አንዳንድ ቀን እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ አንዳንድ ቀን ድርቅ ብለው ይዘጋሉ። ለገሠ ቀኖቹን የሚመዘግበው በሙከራው ቁጥር ብቻ ነው፤ አንደኛ ቀን፣ ሁለተኛ ቀን እያለ። ሃርግሮቭ ቁጥሮቹን ይዞ ሄዶ ቆጠረ፣ ደመረ፣ በማግስቱ እየጮኸ ደወለ። መዘጋቱ በየሰባት ቀኑ ይደጋገማል!

«ገብቶሃል?» አለ በስልክ። «የባሕር እንስሳት ጨረቃ ይቆጥራሉ፣ ሞገድ ይቆጥራሉ። ሳምንት የሚቆጥር ግን ማንም አይቶ አያውቅም። ሳምንት የሰው ነገር ነው!»

ምክንያት ፍለጋ ተጀመረ። ሃርግሮቭ የፍሪዌዩን የመኪና ጭስ ጠረጠረ፤ ሰው ሥራ በሚሄድበትና በማይሄድበት ቀን ጭሱ ይለያያልና። ቀጥሎ የኤሌክትሪኩን ኃይል ጠረጠረ። ለገሠ የቤቱን ግድግዳ በጆሮው እየነካ የጎረቤት ልብስ ማጠቢያ ንዝረት አዳመጠ። እትዬ ቦሰና ይህን ሁሉ አይተው፣ «ምነው፣ አይጥ ገባ እንዴ?» አሉት።

ፌርፋክስም ሰማ። «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ድንጋዩ ቀርቷል» አለ ወንድይፍራው የምሳውን ከፍሎለት፣ «ዶክተር ብቻ!» ለገሠ ያን ሰሞን የሰው መኪና እንኳ ሲያቆም እያፏጨ ነበር። ደስታው እንዲህ ነው ተብሎ አይነገርም። ከስንት ዓመት በኋላ ባሕሩ ለእሱ ብቻ አንድ ምሥጢር የነገረው መስሎታል።

የኮሚቴው ቀን ደረሰ። ለገሠ ሱፉን ለብሶ ገባ። ኮሚቴውን የሚመሩት ዶክተር ሊንድ ነበሩ፤ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ ባለፈው ሥራውን ውድቅ ያደረጉበት አሮጊት። ሃርግሮቭ እንደ አማካሪ መጀመሪያ ጥቂት እንዲናገር ተፈቅዶለት ጠመኔ አነሣ። የሙከራውን ቁጥር ትቶ የሳምንቱን ቀናት በሰሌዳው ላይ ጻፈና ከሥራቸው የሚወጣና የሚወርድ መስመር ሠራ።

«ሰኞ ክፍት» አለ። «ማክሰኞ ክፍት። ረቡዕ፣ ዝግ። ሐሙስ ክፍት። ዓርብ፣ ዝግ። ቅዳሜና እሑድ፣ ክፍት። በየሳምንቱ ያው ነው።»

ለገሠ ሰሌዳውን ደግሞ አነበበ። ረቡዕ። ዓርብ። ማታ ማታ ቤት ገብቶ የሚቀርብለትን አሰበ። ዶሮ፣ ምንቸት፣ ከዚያ ሽሮ፤ ጥብስ፣ ከዚያ ሽሮ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ስንት ሊቅ አለ፣ ረቡዕና ዓርብ ሲባል ጾም ትዝ የሚለው ግን ለገሠ ብቻ ነበር። ተነሣ። «አንድ ደቂቃ ስልክ ልደውል» ብሎ እንደ ሌባ ሹልክ አለና ኮሪደር ላይ ካለው ስልክ ቤቱ ደወለ።

«እትዬ፣ ጾመኞቹን የሚያበላቸው ሰው አለ?»

«ከእኔ ሌላ ማን ያበላቸዋል? አንተ እንደሆንክ ፍልሰታ ሲፈታ እንኳ ዞር ብለህ አላየሃቸውም።»

«ከፍልሰታ ጀምሮ?»

«ከተፈታ ጀምሮ ነዋ! በጾሙማ አንዲት አላቀመስኳቸውም። አንተ ሥራ ስትሄድ እንደምታደርገው አድርጌ ጠብ ጠብ አደርግላቸዋለሁ። ሲበሉ ስታያቸው እኮ ሲያሳዝኑ!»

«ረቡዕና ዓርብስ?»

«ወግድ! ትል ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የጾም የሆነው?»

ለገሠ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ምነው እስከ ዛሬ ሳይነግሩኝ፣ እትዬ?»

«ምን ብዬ ልንገርህ? የተራበ ማብላት ይነገራል እንዴ?»

ስልኩን ዘግቶ ኮሪደር ላይ ቆመ። እውነቱን እንናገር፤ ልቡ ሁለት ሆነ። ዝም ቢል ማን ያውቃል? ሃርግሮቭ የፍሪዌይ ጭስ ብሏል፣ ጭስ ይሁን። ዶክትሬቱ በእጁ ነው፣ ስሙም በየመጽሔቱ ይወጣል። ቢናገር ግን ነገ ጠዋት ካልቨር ሲቲ፣ የሰው ቁልፍ፣ የሰው መኪና፣ ማታ ፌርፋክስ ላይ ያ ስም። አለቀሰ ቢባል አላለቀሰም፤ ግን ሩቅ አልነበረም። ከዚያ እትዬ ቦሰናን አሰበ። እሳቸው በጠራራ ፀሐይ፣ ማንንም ሳይደብቁ ያደረጉትን እሱ ዕድሜ ልኩን ሊደብቅ ነው። ደግሞም ስንቱ ምስኪን ተማሪ በየአገሩ ሳምንት የሚቆጥር ኮራል ሲፈልግ ይኖራል። በሩን ከፍቶ ገባ።

ሁሉን ተናገረ። ጾም ምን እንደሆነ፣ ፍልሰታ ምን እንደሆነ፣ ረቡዕና ዓርብ ለምን እንደሚጾሙ፣ ትል ለምን የጾም ምግብ እንደማይሆን።  ሃርግሮቭ ጠመኔውን እንደያዘ ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

ዶክተር ሊንድ መነጽራቸውን አወለቁ። «ከአንተ ሌላ በዚህ ሕንፃ ይህን ሊደርስበት የሚችል ሰው ነበር?»

«ማንም አልነበረም።»

«ወደዚህ ስትመለስ ይህን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

አሮጊቷ ሰሌዳውን አዩ፣ ሃርግሮቭን አዩ፣ ከንፈራቸው ሊያመልጣቸው ሲታገሉ ቆዩና አልቻሉም፤ ሳቃቸው ፈነዳ። ጠረጴዛውን እየመቱ፣ እንባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ፣ «የፍሪዌይ ጭስ!» ይላሉ። ሃርግሮቭም መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ እሱም ተከተላቸው። ሳቁ ሲበርድ ዶክተር ሊንድ ወረቀቱን ሳቡት። «እንደ ውጤት ይህ ዜሮ ነው» አሉ። «ሳሎን ውስጥ የሚደረግ ሙከራ ጠባቂ ይፈልጋል። ሙከራውን ግን የሚደግመው ሌላ ሰው አይደለም፣ እሱ ራሱ ነው። ስህተቱን ማንም በማያይበት ቦታ አይቶ የሚናገር ሰው ላብራቶሪዬ ውስጥ ብዙ የለኝም። አንድ ዓመት ይሰጠው።» ፈረሙ። «ሰኞ እንደ አዲስ ትጀምራለህ። በዚህኛው ጊዜ ማንም እንዳያበላቸው።»

ለገሠ ወደ ቤት ድራይቭ ያደረገው እየዘፈነ ነው። እትዬ ቦሰና ዜናውን ሲሰሙ ዕልልታቸውን ለቀቁት፤ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት በመስኮት ብቅ አለ። ከዚያ ለገሠ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ ነገር ግን አለ፣ እትዬ። ከሰኞ ጀምሮ ጾመኞቹ ምንም አይቀምሱም።»

«ደግሞ? እስከ መቼ?»

ለገሠ ያልጠበቀው ጥያቄ ይህ ነበር። ፍልሰታም ቢሆን፣ ዓቢይ ጾምም ቢሆን መፍቻ ቀን አለው። የእሱ ጾም ግን የለውም። «እስኪያልቁ ድረስ» አለ ቀስ ብሎ።

እትዬ ቦሰና አልተቆጡም። ነጠላቸውን አጣፉ፣ ጓዳ ገብተው ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ። «ትምህርትህ ነው፣ ተው አልልህም» አሉ። «እኔ ግን አጠገቤ የሚራብ እያለ እህል አይወርድልኝም። አዜብ ጋ አድርሰኝ።»

ለገሠ ገንዳዎቹን አየ፣ ቦርሳውን አየ። በአንድ በኩል የዕድሜው ሥራ፣ በሌላው በኩል አንዲት ሴትዮ። ብዙ አላሰበም። ቦርሳውን ተቀብሎ ወደ ጓዳ መለሰውና ለሃርግሮቭ ስልክ ደወለ። «ፕሮፌሰር፣ ኮራሎቹ ቤቴ ሊሆኑ አይችሉም። ወይ ኮሪደር፣ ወይ የአንተ ቢሮ፣ ያሻህን ምረጥ። ነገ አመጣቸዋለሁ።»

«ምን ሆንክ? ክፍሉ እኮ ገና አልተጠገነም!»

«ቤቱ ሰው አለበት» አለ ለገሠ።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ወንድይፍራው ታክሲውን ይዞ መጣ። ገንዳዎቹን ለማውጣት ሁለቱ እጅጌያቸውን ሲሰበስቡ እትዬ ቦሰና ጥግ ላይ ቆመው ያያሉ። ለገሠ ቆም አለ። ሰኞ ገና ነው። ሐሙስም የፍስክ ቀን ነው። ሄዶ የትሎቹን ጠርሙስና ማንጠባጠቢያውን አምጥቶ በእጃቸው አስያዛቸው።

«እያየሁ ያብሏቸው» አላቸው።

እትዬ ቦሰና እጃቸውን ታጥበው መጡ። ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ ጠብ ጠብ አደረጉላቸው። ጾመኞቹ መጀመሪያ ዝም አሉ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ፣ አንዱን እጅ፣ ሌላውን እጅ እየዘረጉ ተከፈቱ። ለገሠ ሰዓቱን አላየም፣ ቁጥር አልጻፈም። ወንድይፍራው ወርዶ የታክሲውን ጥሩምባ ሲያስጮህ እንኳ አልሰማም፤ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ከአክስቱ ጎን፣ ሲበሉ ያያቸው ነበር።